የቦምቤው የዝግባ ምሰሶ

ከሶዶ የወጣሁት የካቲት ሲጋመስ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። ቦምቤ የተዳረችው ልጄ አስካለ፣ የቤቷን ምሰሶ ምስጥ በልቶት ጎጆው እንደዘመመ ልካብኝ ነበር። የበልጉ ዝናብ ከቀደመን ጎጆው ይወድቃል። እሷ ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ተቃርባለች። እኔ አናጢ ነኝ። የእኔ ልጅ ከዘመመ ቤት ሥር አራስ ልትተኛ? አይሆንም አልኩ። መጥረቢያዬን በቅሎዬ ላይ ጭኜ ሄድኩ።

ሻንቶ

መንገዱ ቀይ አፈር ነው፤ ግራ ቀኙ እንሰት። ሻንቶ ገበያ ቆሞ ደረስኩ። ሰዉ ሁሉ ጣሊያን መጣ አልመጣ ይላል። አንዲት ሴት የተቀቀለ ቦይና ትሸጣለች፣ እኛ ጎደሬ የምንለውን። ሳንቲሜን ገልብጣ አይታ መለሰችልኝ፤ ጨው ፈለገች። ከያዝኩት አሞሌ ጨው ቆርሼ ሰጠኋት። አብራ የሰጠችኝ፣ ዳጣ የሚሉት የቃሪያ ድልሃቸው ዓይኔን አስለቀሰኝ።

"አባባ፣ የሶዶ ሰው ቃሪያ አይችልም እንዴ?" አለችኝ።

"እችላለሁ። የማለቅሰው ስለ ምስጥ ነው" አልኳት። እዚያው አደርኩ።

ቦምቤ

በማግስቱ ረፋድ ላይ ስደርስ ባሏና የባሏ አባት አንጁሎ ለነገው ደቦ ጎረቤት ሊጠሩ ወጥተዋል። አስካለ ወደ ጓሮ ወሰደችኝና አዲሱን ምሰሶ አሳየችኝ። ዝግባ! ዝግባ ለስላሳ ነው፤ ለሳንቃ ይሆናል እንጂ መሬት ከገባ ለምስጥ ቁርሱ ነው። ያውም ግርጌው ከሰል መስሏል። ከተቃጠለ ቤት የወጣ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ግንድ ደግሞ እሳት ይጠራል ይባላል። ካራዬን መዘዝኩ።

"አባዬ፣ አንጁሎ ሳይመጣ አይንኩት" አለችኝ።

"አንጁሎ ስለ እንጨት ምን ያውቃል?" ብዬ ነጭ እስኪሆን ፋቅሁት።

አንጁሎ መጣ። ምሰሶውን አየ፣ እኔን አየ። የአንጁሎ አማርኛ አንቱታ የለውም፤ ለሁሉም አንተ ነው፤ እኔም አልቀየምም።

"አማቼ! ልብሱን አስወለቅከው እኮ!"

"የምን ልብስ?"

"ጥቁሩ ነው ልብሱ። ትናንት ግማሽ ቀን በፍም ላይ አገላበጥነው፣ ትኩሱን የጉሎ ዘይት አጠጣነው። እሳት ጣፋጩን ከእንጨት ያወጣል። ምስጥ መራራ አይበላም።"

"ምስጥ የማይደፍረውን ጥድ ብታመጡ ይህ ሁሉ ባልመጣ!"

"ጥዱን ከሶዶ በኪስህ ይዘህልናል?"

አላመንኩም። እጄን ይዞ ወደ ከብቶቹ በረት ወሰደኝና የአንዱን ቋሚ ግርጌ ቆፈረልኝ። ዝግባ ነው፤ ግርጌው እንደዚያኛው ጠቁሯል፤ የተከለው የአንጁሎ አባት ነው። ካራዬን ወጋሁበት። ጫፉ እንኳ አልገባም። ካራዬን ወደ አፎቱ መለስኩ።

ጎረቤት ነገ ይመጣል፤ በምዕራብ በኩል ደመናው ጠቁሯል። ሌላ ግንድ የለም። እሳት አነደድን፤ እኔው ራሴ አገላባጭ ሆንኩ። ነበልባል ባስነሳሁ ቁጥር አንጁሎ ይጮህብኛል፦

"አቃጥል አላልኩም! አብስል!"

አስካለ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ጀንበር ሳትጠልቅ ምሰሶው እንደገና ለበሰ፣ ዘይቱንም ጠጣ።

በነጋታው ጎረቤቱ ሁሉ ወጣና የዘመመውን ጎጆ በትከሻው ደግፎ አቃናው። ምሰሶውን ተከልን። ሰዉ ቆጮውን ሳይጨርስ ዝናቡ ወረደ። ሁላችን ቤት ገብተን ጣሪያውን ቀና ብለን አየን። አልተነቃነቀም። አስካለ ጀርባዋን ለጥቁሩ ግንድ ሰጥታ ተቀመጠች። ቀሚሷ ቢጠቁርም ግድ አልሰጣት።

ሶዶ

ቤቴ ስገባ ባለቤቴ እጄን አየችው።

"ከሰል አክሳይ ሆነው መጡ?"

"ምሰሶ ሳበስል ነው። ቤቱ ቆሟል፤ ልጅሽ ደረቅ ላይ ተኝታለች።"

"ተመስገን" አለች። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። በመጨረሻም፣ ሰው የጠቆረ እንጨት ሲያይ ከመፋቁ በፊት ለምን እንደጠቆረ ይጠይቅ፣ እኔ ከመንገዴ ያገኘሁት ይህንን ነው አልኳት።

"ዕድሜ ልኬን 'ይጠይቁ' ስልዎት ያልሰሙኝን፣ አንጁሎ በአንድ ምሰሶ አስተማረዎት?"

"አንቺ እሳት ላይ አላስቀመጥሽኝማ!" አልኳት።