በረንዳ ላይ ያገኘኋት ታይገር

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እጠራጠራለሁ። እኔን የወቀሰኝ ሰው የለም። ግን ባለፈው ሳምንት ዙሪክ ውስጥ፣ የአንደኛ ዓመት የባዮሎጂ ትምህርት ላይ፣ መምህሩ የሁለት ታይገሮች ፎቶ ግድግዳው ላይ አብርቶ «በምን ይለያሉ?» ሲል እጄን ሳላወጣ ቀረሁ። ጥያቄ የሚያመልጠኝ ልጅ አይደለሁም። መልሱንም አውቀዋለሁ፤ የአንዱ መስመር ከሌላው አይገጥምም፣ እንደ ሰው የጣት አሻራ ነው።

ይህን የተማርኩት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጨረሻ የበጋ ዕረፍቴ ነው። ዙሪክ አጠገብ ባለችው ዲቲኮን ከተማ አክስቴ ጋ እየኖርኩ ዙሪክ አንድ የምርምር ቢሮ አግዝ ነበር። ኔፓል ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ከታሰሩ ካሜራዎች የሚመጡትን ፎቶዎች እለያለሁ፤ አውራሪስ ለብቻ፣ ዝሆን ለብቻ፣ ታይገር ለብቻ። አለቃዬ ዶክተር ሱኒታ ከሁሉም አንዲት እናት ታይገር ይወዱ ነበር። ትከሻዋ ላይ ሹካ የመሰለ መስመር ስለነበራት «ሹካ» እንላታለን። ሹካ ጠፍታ ነበር። በካሜራው ፊት የሚያልፉት ደቦሎቿ ብቻ ነበሩ።

አንድ ቅዳሜ እናቴን ለማየት ጄኔቫ ሄድኩ። እናቴ አንድ ዲፕሎማት ቤት ተቀጥራ እዚያው ትኖር ነበር። ሙቀቱ ከባድ ነበር፤ ፓኪ ከሚባለው ሰፈር ጀምሮ የጥብስና የሐይቅ ሽታ አብሮኝ መጣ። ባለቤቶቹ ለዕረፍት ሄደዋል። እናቴ በረንዳው ላይ ቆዳ አስጥታ በብሩሽ ታጸዳለች።

«ነይ፣ በዚያ በኩል ያዥልኝ እስቲ» አለችኝ። «የእኛ አገር ነብር ነጠብጣብ ነው፤ ይሄኛው ፒጃማ የለበሰ ነው የሚመስለው።»

እየሳቅሁ ትከሻውን አየሁት። ሹካው እዚያ ነበር።

«ምነው? ነከሰሽ እንዴ?»

«እማዬ፣ ይቺን አውቃታለሁ።»

ሁሉንም ነገርኳት፤ አንድ ታይገር በትክክል የሚለየው በሁለቱም ጎኑ መስመር እንደሆነ ጭምር። ብሩሹን አስቀመጠች።

«ስጦታ ነው ብለው ፋሲካ ሰሞን ነው ያመጡት» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦ «የመኖሪያ ካርቴ በእነሱ ስም ነው። ሥራው ሲቀር ካርቱም ይቀራል። በይ፣ ምሳሽን ብዪ።»

ለመንገድ ቅቤና ሚጥሚጣ የተቀባ ዳቦ በፎይል ጠቀለለችልኝ። ዙሪክ እስክደርስ አልፈታሁትም።

ሰኞ ዶክተር ሱኒታ «ሹካ አልታየችም?» አሉኝ።

«ፎቶዎቹ ውስጥ የለችም።»

ቃሉ እውነት ነው፤ እናቴንም እሳቸውንም ላለማሳዘን የመረጥኩት እውነት። እሳቸው ግን ወደ ጎረቤት ሸለቆ ተሻግራ ይሆናል ብለው ተስፋ አደረጉ። ካሜራዎቹ ከደቦሎቹ ጫካ ተነቅለው፣ በዚያ ዝናብ በሰው ትከሻ፣ እሷን ፍለጋ ሄዱ። ደቦሎቹን ከዚያ ወዲያ አላየናቸውም። እኔም የባዶውን ሸለቆ ፎቶ ጠንቅቄ እየለየሁ «ጎበዝ» ስባል ከረምኩ።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር እናቴ ደወለች። «ሌላ ቤት አግኝቻለሁ፤ አዲሱም ካርት ወጣ» አለች። ወዲያው ስልኬ ላይ የቆዳው ፎቶ መጣ፣ በግራም በቀኝም።

«ሁለቱም ጎን ያስፈልጋል አላልሽኝም? ለሴትየዋ ላኪላት። ከዚያን ቀን ወዲህ እሱን ስቦርሽ እጄ አልታዘዝ እያለኝ ነበር።»

ላክሁላቸው። ዶክተር ሱኒታ የማን ቤት እንደሆነ ጠይቀው ለሚመለከተው አካል አሳወቁ፤ አመሰገኑኝም። መቼ እንዳየሁት ግን አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኳቸው።

የመምህሩን ጥያቄ ሌላ ልጅ መለሰው። ሹካን የገደላት የማላውቀው ሰው ነው፤ ደቦሎቿን ማንም እንዳያያቸው ያደረግሁት ግን እኔ ነኝ። የቆዳው ፎቶ ከደረሳቸው በኋላ ፍለጋው ቆሞ ካሜራዎቹ ከዛፍ የወረዱት ኅዳር ሃያ አንድ ቀን ነው።