የግራዋው አጥር

ባለፈው ቅዳሜ ከአዲሱ ገበያ ስመለስ፣ ጎረቤቴ የግቢውን ግራዋ ከሥሩ ሲጨፈጭፍ ደረስኩ። «ምን አደረገህ?» አልኩት። «ግቢውን እኮ ጫካ አስመሰለው፣ እትዬ። እንግዳ ይመጣብናል» አለኝ። ደሜ ፈላ። እሱ ምን ያውቃል፤ ያቺን «ጫካ» የምትል ቃል ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠላት ኖሬያለሁ።

ቀጨኔ፣ ቁልቁለቱ ላይ በተንጠለጠለችው ግቢያችን፣ የግንብም የቆርቆሮም አጥር አልነበረንም። አባቴ በሞተ ዓመት፣ ሰኔ ሲገባ፣ እማዬና እኔ የግራዋ ቅርንጫፍ እየቆረጥን እርጥቡ አፈር ላይ ዘመም አድርገን ቸከልን። ግራዋ እንደ ጽጌረዳ አያሞላቅቁትም፤ ክረምቱ ራሱ ያሳድገዋል። ብዙም ሳይቆይ ከቁመቴ በለጠ። ታኅሣሥ ላይ ነጭ አበባውን ሲያወጣ የሰፈሩ ንብ ሁሉ እኛ ግቢ ይውላል። ሆዱን ለቆረጠው ሰው ቅጠሉን ጨምቀን እናጠጣለን፤ ምሬቱ ጆሮ ድረስ ይሰማል። ከሁሉ በላይ ግን የእማዬ የጠላ ጋኖች የሚታጠቡት በሱ ነበር። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ካልተፈተገ፣ በወይራ ካልታጠነ፣ እማዬ ጠላ አትጥልም። የሰፈሩም ሴቶች በዓል ሲደርስ መጥተው ሸምጠጥ አድርገው ይሄዳሉ፤ አስፈቅዱን ያልን አይመስለኝም። ባል የሌላት ሴት በሰፈር ቀና ብላ የምትሄድበት አንድ ነገር ያስፈልጋታል። የእማዬ ጠላዋ ነበር።

ታላቅ እህቴ ዘነበች ጥር ላይ ልታገባ ሆነ። የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ጋሼ ተሰማ፣ በአባት ቦታ ሆኖ ሊድራት መጣ። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን አልልም። በበሩ እንደገባ አጥሩን አየና፣ «ሙሽሪት የምትወጣው ከጫካ ነው እንዴ? አማቾች ምን ይሉናል!» አለ። እኔና እማዬ ውኃ ልንቀዳ ወርደን ስንመለስ አጥራችን የለም። ከነአበባው ተቆርጦ ወንዝ ውስጥ ተጥሏል። ንቦቹ ጉቶው ላይ ይዞሩ ነበር። በምትኩ ቆርቆሮ አቆመልን፤ እግዜር ይይለት።

ጋኖቹ የሚታጠቡበት ቀን ደረሰ። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ከታች ሰፈር ግራዋ ልትለምን ስትነሳ፣ ጋሼ ተሰማ በሩ ላይ ቆመ።

«ሠርግ ደግሰሽ ቅጠል ልትለምኚ? ሰው ጎደለባቸው እንዲለን?» አለና የዱቄት ሳሙና አስገዛ።

«ጋሼ፣ ሸክላ እኮ ሳሙና ይጠጣል» አለችው።

«ውኃ ያወጣዋል! ዘመኑን ምሰይ እንጂ!»

አጠበችው። እጇ እስኪላጥ አለቀለቀችው፣ ደጋግማ አጠነችው። ሸክላ ግን አንዴ የጠጣውን አይለቅም።

የሠርጉ ዕለት አማቾች ዳሱ ውስጥ ከተቀመጡ በኋላ ጋሼ ተሰማ መረቀና የመጀመሪያውን ብርጭቆ አነሳ። ተጎነጨ፤ ፊቱን አጨማደደ። «ይሄን ማን ጠመቀው? አንቺ፣ ሰው ልትመርዢ ነው?» አለ ወደ እማዬ ዞሮ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ። እማዬ ጆጉን እንደያዘች መሬት መሬት ታያለች። አማቾች ብርጭቋቸውን ቀስ ብለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ።

እኔ አልቻልኩም። «ግራዋውን ያስቆረጡት እርስዎ! ሳሙናውን ያስገዙት እርስዎ!» ብዬ ጮህኩ። ጥፊ ፊቴ ላይ አረፈ። የመታችኝ እማዬ ነበረች። «ጉልበታቸውን ሳሚ» አለችኝ ዝግ ብላ፤ «የእህትሽን ቀን አታበላሺ።» ተንበርክኬ ሳምኩ። እሱም «ልጅ ናት፣ ተዋት» ብሎ በትልቅነቱ ማረኝ። ቢራ በሳጥን ተገዛና ሠርጉ አለፈ።

በክረምቱ ግራዋው ከጉቶው አቆጠቆጠ። ስለቆረጡት አይሞትም። እማዬ ግን ጋኖቿን ለሰው ሰጠች። ከዚያ ወዲያ ድግስ ላይ ስትጠራ ሽንኩርት ልትልጥ ነበር፤ ጥመቂልኝ ያላት ሰው አልነበረም።

ዘነበች ዛሬም ይህን ሳነሳባት፣ «የሞተ ሰው አይወቀስም፣ ተይው» ትለኛለች። ትዳሯ ሰምሮላታል፣ ተመስገን፤ ለሷ መተው ይቀላታል። እኔ አልተውኩም፣ አልተውምም። ያን ቀን ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። እሱ እናቴን ሳይጠይቃት ነው የተቀበረው።