በመስኮቱ ያየኝ ሰውዬ

ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ ደብዳቤ እንኳ ጽፌ አላውቅም፤ ከተሳሳትኩ ይቅርታ። ትናንት ሳን ሆዜ በቅዳሜው ባዛር ሳልፍ የጥብስ ሥጋ ጭስ ሸተተኝና አንድ የልጅነቴ እሑድ ትዝ አለኝ።

ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ኦክላንድ ከገባን ገና ወር አልሞላንም። የአክስቴ ባል ጋሽ መኮንን እሑድ እሑድ "ከተማውን እንወቀው" እያለ አዲስ ምግብ ቤት ይወስደን ነበር። ያን እሑድ አስተናጋጆቹ ትልቅ መስኮት አጠገብ አስቀመጡን። አክስቴ "ሰው እያየሽ አትብዪ፣ ቡዳ ይበላሻል" እያለች ነው ያሳደገችኝ። እዚያ ግን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሳህኔን ያያል።

አንድ ባለባርኔጣ ሰውዬ ቆመና ሥጋዬን አይቶ ፈገግ አለ። የጎረስኩት ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። መተንፈስ አቃተኝ፤ በቃ፣ ተበላሁ አልኩ። አክስቴ ዘላ ተነሥታ ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። ሥጋው ሲወጣልኝ ነጠላዋን ከራሴ ጀምሮ አልብሳኝ በእኔና በመስኮቱ መካከል ቆመች።

"ኧረ ተቀመጪ! ሰው እያየን ነው!" አለ ጋሽ መኮንን።

"እኔስ ምን አልኩ!" አለች አክስቴ።

"አይዞሽ፣ አሜሪካ ለቡዳ ቪዛ አይሰጥም" ብሎ ሳቀ።

ቪዛ ምን እንደሆነ አላወቅኩም፤ ነጠላው ውስጥ ይበልጥ ተሸሸግኩ።

ይኸው አድጌም መስኮት አጠገብ ተቀምጬ መብላት አልችልም። ያን ቀን አክስቴ ወደ ነጠላው ጎንበስ አለች። ትንሽ ሥጋ ቆርሳ በነጠላው ሥር አቀበለችኝ።

"ብይ ልጄ፤ አሁን ሰውዬው የሚያየው እኔን ብቻ ነው። ከበላም እኔን ይብላኝ።"