ሙዙን የማይልጠው ብስክሌተኛ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ አቀበቱ የሚጀምርበት ቦታ ላይ፣ ልጄን አዝዬ ፍራፍሬ እሸጣለሁ። ሰኞና ሐሙስ አንድ ብስክሌተኛ ይመጣል። ክርኑ ላይ ወድቆ ያገኘው ጠባሳ አለ፤ ማሊያውን ፀሐይ በልቶታል። ሁለት ሙዝ ይገዛና ሳይልጥ ከጀርባው ኪስ ይከታል።

«ኧረ ብላ ወንድሜ! አቀበቱ ሊገድልህ ነው» አልኩት አንድ ቀን።

«ማፍጠሪያዬ ነው። የረመዳን ቀዷ አለብኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ። አምና በረመዳን ለውድድር ሄዶ ያልፆማቸውን ቀናት እየመለሰ ነው።

«መንገደኛ ይፈቀድለት የለ?»

«ለኔስ ይፈቀዳል። እናቴን ግን ለስኳሯ ብሎ ሐኪም ከፆም ከልክሏት ነበር። እኔ አለመፆሜን ስትሰማ፣ ቤታችን እንዴት ፆመኛ ያጣል ብላ ጀመረች። ከውድድሩ ተመልሼ ሐርቡ፣ ቤታችን ስደርስ ወድቃ አገኘኋት።»

ትናንት የመጪውን ዓመት ውድድሮች የጻፈበትን ወረቀት ሙዙ ላይ ዘረጋው። ሦስት ናቸው። ረጅሙ፣ አራት ቀን የሚፈጀው፣ ሲዘጋጅበት የከረመው፣ ረመዳን ላይ ወድቋል። ጣቱ ሁለቱን አልፎ እዚያው ይመለሳል።

«እሱ እኮ ሌላ ዓመትም ይኖራል» አልኩት።

«ጉልበቴ ይኖራል ወይ?»

እስክሪብቶዬን ተቀብሎ ረጅሙን ሰረዘውና ስልኩን አወጣ።

«እማ፣ ረመዳንን የምፆመው እኔ ነኝ። አንቺ ትበያለሽ፤ ወላሂ በይኝ።»

ወረቀቱን ግን አልጣለውም። አጣጥፎ ከሙዞቹ ጋር ኪሱ ከተተው።