የኮከብ ሰላጣና የኅዳር ውርጭ

እልል በሉ፣ ከውርጭ ተርፏል! የተረፈው የኮከብ ሰላጣ ነው። ኮከብ እዚህ ደባርቅ መጻሕፍት የምታውሰን ወጣት ናት። ጤናማ ምግብ ልብላ ብላ በቤተ መጻሕፍቱ ጓሮ ሰላጣ ብትተክል፣ የኅዳር ውርጭ ሁለት ጊዜ አቃጠለባት። ሦስተኛውን በየማታው ላስቲክ እያለበሰች ታሳድረው ነበር። ዛሬ ጠዋት ስትመጣ ግን ላስቲኩ ተጣጥፎ በር ላይ ተቀምጧል!

«ጋሼ ቢራራ፣ ምነው ጨረሱኝ!» ብላ ዘበኛው ላይ ጮኸች፤ እንባዋ መጣ። «አሁንስ በቃኝ፣ ሁለተኛ አልተክልም!»

«ላስቲክ ያፍነዋል ብዬ ነው የገፈፍኩት። ጋቢዬን አልብሼዋለሁ፤ የበረደውስ እኔን ነው!»

ሮጣ ጋቢውን ገለጠች። ለምልሟል! አንድ ቅጠል ቀጥፋ፣ አጥባ አጎረሰቻቸው።

«ለዚህ ነው ስንቀጠቀጥ ያደርኩት?» አሉ ፊታቸውን አጨማድደው።

በሉ፣ ዳባት ላሉት እናቷ ልደውልላቸው፤ ከኔ ቀድሞ የሚነግራቸው እንዳይኖር!