ምድጃ ይዞ መርከብ መሳፈር

የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዞ መርከብ ላይ መሳፈር ይቻላል ወይ? ይህን ጥያቄ ሙሉ አዳራሽ ሕዝብ መሀል ቆማ የጠየቀች ሴት ብትኖር እኔ ነኝ። እስካሁን ኮምቦልቻ ስወርድ፣ ያኔ አብረውኝ የሠሩት ሽማግሌዎች “ምድጃዋ መጣች” ይሉኛል። ይበሉ። እነሱ የሳቁበትን እኔ ነኝ የከፈልኩት።

በደርግ ጊዜ ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሸማኔ ነበርኩ። ሸማኔ ስላችሁ በእግር የሚረገጠው እንዳይመስላችሁ፤ ጆሮ የሚያደነቁረው የኤሌክትሪኩ ማሽን ነው። የምኖረው ግን ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ፣ ከአማቴ ቤት ነው። ጠዋት በሰርቪስ የሐረጎን ቁልቁለት እንወርዳለን፣ ማታ እንወጣለን። ባሌ የአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበር ቤት አይገኝም። ሁለት ልጆቼን ቀን ቀን የምትይዝልኝ አማቴ ናት። ይህን ውለታዋን አልክድም፤ እሷም ሳታነሳው ያለፈችበት ቀን የለም።

ምድጃዋን ከአሰብ ያመጣልኝ ባሌ ነው። አንድ ድስት ብቻ የምትችል፣ ነጭ ቀለም የተቀባች፣ ሽቦዋ ሲግል ደም የምትመስል ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ናት። ከሥራ ደክሞኝ ስመጣ ከሰል ሳላያይዝ ወጥ እሠራባታለሁ። አማቴ ግን ምድጃዋ ቤት ከገባችበት ቀን ጀምሮ ጠመደቻት። “ጭስ የሌለው እሳት የጅን ነው” አለች። በምድጃዋ የተሠራ አልቀምስም ብላ፣ ከሐይቅ የመጣ ዓሣ ስትጠብስ እንኳ እኔ ምድጃ እያለችኝ እሷ ግቢ ወጥታ ከሰል ታራግባለች። ጎረቤት አይቶ እንዲያዝንላት ነው እንጂ ሌላ ምን ነው!

ድርቁ ካለፈ በኋላ አንድ ዓመት ኮከብ ሠራተኛ ተብዬ ተመረጥኩ። ከዚያ በፊት ኮከብ የሆነ ሰው የሚሸለመው የእጅ ሰዓት ወይም ብርድ ልብስ ነበር። የዚያን ጊዜው ግን ጉድ ነው፤ ሶቪየት አገር ሄዶ፣ ጥቁር ባሕር በሚሉት ላይ በሽርሽር መርከብ መዝናናት! ከፋብሪካው ሁለት ሰው ተመረጥን፤ እኔና ከጎኔ ማሽን ላይ የምትሠራው ክርስቲያን ጓደኛዬ። እኔ እስከዚያ ድረስ ሩቅ ሄድኩ ካልኩ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው፤ እሱም ታምሜ። ባሌ ከአሰብ በመጣ ቁጥር “ውሃው መጨረሻ የለውም” እያለ ስለ ባሕር ያወራኛል። አንድ ቀን ውሰደኛ ስለው “ሙቀቱን አትችይውም” ይላል። ታዲያ ስመረጥ ጮቤ ብረግጥ ይፈረድብኛል? በሕይወቴ የራሴ የሆነ ነገር ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ምርጫውን የነገረን የፋብሪካው ካድሬ ነው። ባለፈው ዓመት እሱ ራሱ በዚያው መርከብ ሄዶ ነበርና ከዚያ ወዲህ አፉ ሌላ ወሬ አያውቅም። “ቁርስ ሥጋ፣ ምሳ ሥጋ፣ እራት ሥጋ!” አለን። “እናንተ በዓል ጠብቃችሁ የምትቀምሱትን እዚያ እስኪሰለቻችሁ ትበሉታላችሁ።” እኔም ሞኟ፣ ቤቴ ገብቼ ለአማቴ ቃል በቃል ነገርኳት።

አማቴ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

“ማን ያረደውን?” አለች።

አላሰብኩበትም ነበር። እኛ ወሎዎች አብረን እንበላለን፣ አብረን እንለቅሳለን፣ እንጋባለንም፤ ሥጋ ላይ ግን እስላሙም ክርስቲያኑም የየራሱን ነው። ሠርግ ሲሆን ለየብቻ ይታረዳል፣ ማንም አይቀየምም። የሶቪየቱ ሥጋ ግን የማንም አይደለም፤ ቢስሚላህ የተባለበት አይደለ፣ በስመ አብ የተባለበት አይደለ።

“ሥጋውን አልበላም እማዬ፤ ዳቦና ድንች እበላለሁ” አልኳት።

“ድንቹ በምን ስብ እንደተጠበሰ በምን ታውቂያለሽ? የአሳማ ቢሆንስ?”

“በሶ ይዤ እሄዳለሁ።”

“በሶ ስንት ቀን ያዘልቃል? ሲርብሽ ሆድሽ ያሸንፍሻል። እኔ ሐራም በልታ የመጣች ሴት የልጅ ልጆቼን አታጎርስም። ወላሂ፣ ያንን ምድጃሽን ይዘሽ፣ ሽሮሽን እየሠራሽ የምትበዪ ከሆነ ሂጂ። አለዚያ ከሄድሽ እዚህ ደጃፍ እንዳትመለሺ፤ ለልጄ ሌላ ሚስት አላጣለትም።”

እዩልኝ! ትናንት የጅን ያለቻት ምድጃ ዛሬ የሃይማኖት መጠበቂያ ሆነች። ባሌ ሲመጣ ነገርኩት። ወንድ ነው፣ ይፈርዳል ብዬ። እሱ ግን ጭንቅላቱን እያከከ “እማዬ ካለች በቃ፤ ምድጃዋን ያዢያት፣ ምን ትከብድሻለች?” አለኝ። ከባድ መኪና ሙሉ ጭኖ የሚነዳ ሰው እናቱ ፊት ሲደርስ እንዲህ ነው።

ነገሩ ይህ ነው እንግዲህ፤ ያለ ምድጃ ከሄድኩ ትዳሬና ልጆቼ፣ ካልሄድኩ ባሕሩ። ስለዚህ ነው በስብሰባው ላይ እጄን ያወጣሁት። ካድሬው ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ፣ እኔንና ጓደኛዬን ፊት አስቀምጦ፣ ስለ ጉዞው ሲደሰኩር ቆየና “ጥያቄ ያለው?” አለ።

“ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዞ መሳፈር ይቻላል?” አልኩ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱ አልሳቀም።

“ምን ልታደርጊበት ጓዲት?”

“ሽሮ ልሠራበት።”

“ጓዲት፣ ያ መርከብ በወዛደሩ ላብ የተሠራ ነው። አንቺ በሽሮ ልታቃጥይው ነው?” እንደገና ተሳቀ። “ስሙ ሁላችሁም! ምድጃ ክልክል ነው፣ ካውያ ክልክል ነው፣ ሻይ ማፍያ ክልክል ነው። ሶኬት ላይ ተሰክቶ የሚግል ነገር ሁሉ ክልክል ነው። መርከብ ላይ እሳት ከተነሳ ወዴት ትሮጫላችሁ?”

ይህስ እውነቱን ነው፣ አልፈርድበትም። የፈረድኩበት በማግስቱ ነው። ቢሮው ገብቼ ለምን እንደጠየቅኩ ነገርኩት። አባቱን አውቃቸዋለሁ፤ የታወቁ ሼህ ናቸው፣ ደሴ ውስጥ የማያከብራቸው የለም። “ወንድሜ፣ ያንተም ቤት እንደኔው ቤት ነው። ሥጋው ነው የቸገረኝ። አንተስ ምን በልተህ መጣህ?” አልኩት። በወንድምነት እኮ ነው የጠየቅኩት!

ዓይኑ ደም መሰለ። “እኔ የሰፊው ሕዝብ ልጅ ነኝ!” ብሎ ጠረጴዛውን ደበደበው። “የቀረበልኝን በልቼ ነው የመጣሁት! ይህ የአድኃሪ አስተሳሰብ ነው። ያልቻለ ቦታውን ይልቀቅ፤ ተጠባባቂ አለ።” ተጠባባቂዋ ማን እንደሆነች አልጠየቅኩትም። መጠየቅ ነበረብኝ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። ምድጃዋን በሁለት ቀሚስ ጠቅልዬ፣ ከሽሮና ከቋንጣው ሥር ሻንጣዬ ውስጥ ቀበርኳት። የምንሄድ ቀን የሚወስደን መኪና ፋብሪካው ግቢ ቆሟል፤ ባንዲራ ተሰቅሏል፣ ሠራተኛው ተሰልፎ ያጨበጭባል። ባሌ እንኳ ሊሸኘኝ መጥቶ በሩ አጠገብ ቆሟል። ካድሬው መጣና ሌላውን ትቶ የኔን ሻንጣ “ክፈቺ” አለ። እጄን ሻንጣው ላይ ጫንኩ። እሱው ከፈተው፣ እጁን ሰደደ፣ የምድጃዋን ገመድ አገኘና ይጎትት ጀመር። ገመዱ ይመጣል፣ ይመጣል፣ አያልቅም። መጨረሻ ላይ ምድጃዋ ከነቀሚሶቼ ተጎትታ ወጣች። የውስጥ ልብሴ ሳይቀር በወንድ ፊት መሬት ላይ ተበተነ።

“ይኸው ኮከባችሁ!” አለ ከፍ አድርጎ ይዟት። “የጓዶችን ምግብ ተጸይፋ! ወይ ይህን ትተሽ ትሄጃለሽ፣ ወይ ይዘሽው ወደ ቤትሽ።”

ባሌን አየሁት። አንዲት ቃል ቢናገር፣ “ሂጂ፣ እናቴን እኔ እችላታለሁ” ቢለኝ፣ ወላሂ ምድጃዋን እዚያው ወርውሬ እሄድ ነበር። ጫማውን ያይ ነበር። ልጆቼ ጠዋት ስወጣ አማቴ ጉያ ተቀምጠው ነበር። ትዝ አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ልብሴን ለቀምኩ፣ ምድጃዋን ከእጁ ነጠቅኩት።

“ቀረሁ” አልኩ።

የካድሬው እህት ፋብሪካችን ከገባች ገና ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረች። ለመሸኘት መጣሁ ብላ ከሰልፉ ጫፍ ቆማለች። “ተጠባባቂዋ ትምጣ” ሲባል ወጣች፤ እጇ ላይ ሻንጣ አለ። ኧረ እናንተዬ፣ ለመሸኘት የመጣ ሰው ሻንጣ ይይዛል? ያጨበጨቡት ሰዎች ለሷም አጨበጨቡ፤ ያው እጅ፣ ያው ጭብጨባ። ባሌና እኔ ምድጃዋን ይዘን ሐረጎን ወጣን። አማቴ ስታየኝ “እሰይ፣ አላህ ያወቀው ነው” አለችና ልጆቹን አቀፈች።

ጓደኛዬ ስትመለስ ፊቷ ሞልቶ፣ ጸሐይ መትቷት መጣች። ማሽኑ ሲቆም ጠብቄ “ንገሪኝ” አልኳት። ባሕሩን ነገረችኝ፣ መርከቡን ነገረችኝ። ቆይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እንዳትቆጪ።”

“ምን?”

“ዓሣ ነው የሚበላው። ሥጋ የማይፈልግ ሰው ‘ዓሣ’ ካለ በየቀኑ ዓሣ ያመጡለታል። እኔ ጾም ላይ ነበርኩና ሥጋ አልበላም ብዬ ዓሣ ጠየቅኩ፤ ዓሣም በጾም ባይፈቀድ ምን ላድርግ። አስተርጓሚው ሳቀና ምን አለኝ መሰለሽ? ‘ባለፈው ዓመት ከእናንተ ፋብሪካ የመጣው አለቃችሁም እንዳንቺው ነበር፤ ከዓሣ በቀር አፉ አላደረገም’ አለኝ።”

ክው አልኩ። ያ የሰፊው ሕዝብ ልጅ! የቀረበልኝን በልቼ መጣሁ ያለኝ! ሃይማኖቱን ጠብቆ፣ ዓሣውን በልቶ፣ አባቱን ሳያሳፍር ተመልሶ፣ እኔ አንዲት ቃል ብጠይቀው ጠረጴዛ ደበደበብኝ። “ዓሣ አለ” ቢለኝ ምን ይጎድልበት ነበር? እህቱ ይጎድልበት ነበር እንጂ! ሄጄ አዳራሽ ውስጥ ላወጣበት ፈልጌ ነበር። በሃይማኖቱ ነገር ጓዶቹ ያኔ ይበሉት ነበር። ተውኩት። አዝኜለት እንዳይመስላችሁ፤ በዚያ ዘመን የአንዱ ጉድ መውጣት ከጀመረ የሁሉም ይወጣል፣ እኔ ደግሞ ባል አለኝ፣ ከአሰብ ያመጣው ዕቃ ሁሉ የተፈተሸ አይደለም።

የዚያን ቀን ቤቴ ስደርስ ሰኞ ነበር፤ ገበያው ገና አልተበተነም። ደጃፉን ሳልገባ የዘይት ሽታ ሸተተኝ። አማቴ ቤት ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጣ ዓሣ ትጠብሳለች። በምን ላይ? በኔ ምድጃ ላይ! እኔ ከጉዞው ከቀረሁ ወዲህ ለምዳት፣ ከሰሉን እርግፍ አድርጋ ትታ፣ የጅኗን እሳት የሷ አድርጋዋለች። ዓሣው ከሐይቅ የመጣ ነው፣ ልጆቼ ዙሪያዋን ተኮልኩለው ይጠብቃሉ።

ቆሜ ነገርኳት። መርከቡ ላይ ዓሣ እንደነበረ፣ በየቀኑ፣ እስኪሰለች።

ቀና እንኳ አላለችም። ዓሣውን ገለበጠችውና “ዓሣማ ምን ችግር አለው?” አለች። “ዓሣ ራሱ ሐላል ነው፣ ማን ያርደዋል? ይህን ብለሽኝ ቢሆን እከለክልሽ ነበር?”

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

“በምን ስብ እንደሚጠበስስ በምን ይታወቃል እማዬ? የአሳማ ቢሆንስ?”

“ኤዲያ፣ አንቺ ደግሞ ታጠብቂዋለሽ” አለች። “ነይ ተቀመጪ፣ ሳይቀዘቅዝ ብዪ።”

ባሕርን ዛሬም አላየሁትም። ባሌ አሰብ ሊወስደኝ ሲያስብ አሰብም የሰው አገር ሆነች። አማቴም ሞታለች፣ አላህ ይዘንላት፤ ይህን የምለው ሰው እንዳይታዘበኝ ነው። ያን ቀን ግን አልተቀመጥኩም። ልጆቼ እያዩኝ በአጠገቧ አለፍኩና ሶኬቱን ነቀልኩት። ገመዱን በምድጃዋ ዙሪያ ጠቀለልኩ፣ እጄን እያቃጠለኝ አነሳኋት፣ የሷን ዓሣ ግማሽ ጎኑን ጥሬ አድርጌ መጥበሻው ላይ ተውኩላት።

“ከሰል አለልሽ” አልኳት። ከ“አንቱ” ወርጄ “አንቺ” ያልኳት ያን ቀን ብቻ ነው።