ሞጣ ላይ ፊድ ሪደር የመረጥንበት ክረምት

የሥራዬ የመጀመሪያ ቀን ቢቸና ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። የዜና ክፍሉ ቅርንጫፍ የሚባለው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የጽሕፈት መኪናና በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ያለበት ጠባብ ክፍል ነበር። ጋዜጣ በአውቶቡስ ሲደርሰን ዜናው ካረጀ ሰንብቷል። አለቃዬ ሬዲዮውን አሳየኝና የቀትሩን ዜና አዳምጬ እንድጽፈው አዘዘኝ። ጻፍኩት። አንብቦ ፋይል ውስጥ አስገባው። ሌላ ምን እንደምሠራ ጠየቅሁት።

«ሌላ የለም» አለኝ። «ሌላ ከፈለግህ ወጥተህ ጠይቅ።»

ጀማሪ ሪፖርተር ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ሥራዬ ይኸው ነበር። በእግር እሄዳለሁ፣ እጠይቃለሁ፣ እጽፋለሁ። ከዚያ ቴሌ ሄጄ ተራ እይዝና ዜናውን በስልክ ለዋናው ቢሮ አነባለሁ። ከወዲያ ያለው ተቀባይ ስም ሲሰማ «ድገመው» ይላል። እደግመዋለሁ። ቁጥር ሲሰማም እንደዚሁ። አንድ ዜና ለመላክ ግማሽ ቀን ይሄድ ስለነበር ያላረጋገጥኩትን ይዤ ተራ መጠበቅ አያዋጣም ነበር።

ከፍተኛ ሪፖርተር ሆኜ ወደ ሞጣ ስዛወር ኢንተርኔት ገባ። ችግሩም ተገለበጠ። ድሮ የሚነበብ ጠፍቶ ነበር፤ አሁን የሚነበበው በዛብን። የቅርንጫፉ ኃላፊ አቶ አንዱዓለም ጠዋት ጠዋት «ምን ተባለ?» ይለኛል። ምን እንደተባለ ለማወቅ ድረ ገጾቹን አንድ በአንድ እከፍታለሁ። መስመሩ ይቆረጣል፤ እንደገና እከፍታለሁ። ፌስቡክ ደግሞ የዛሬውን ከታች ቀብሮ ያለፈውን ሳምንት ከላይ ያስቀምጣል። ቀትር ሲሆን ብዙ አንብቤ አንድም ነገር አልያዝኩም። ወጥቼ የምጠይቅበት ሰዓት አለቀ ማለት ነው።

አንድ ቀን የጎርፍ ፎቶ ከተማውን ሲዞር ዋለ። አቶ አንዱዓለም ዜናው ቶሎ ይላክ ብሎ ቆመብኝ። የኮምፒውተር ባለሙያችን ሐያት ከጠረጴዛዋ ቀና ሳትል ፎቶውን ካቻምና እዚያው ፌስቡክ ላይ እንዳየችው ነገረችን። ሐያት ከደሴ ተመድባ የመጣች፣ ቃል የማታባክን ልጅ ነበረች። ከሰዓት በኋላ ወደ እኔ መጣችና ፊድ ሪደር የሚባል ፕሮግራም ብንጭን ይሻላል አለች።

ምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

«የሚፈልጓቸውን ድረ ገጾች አንድ ጊዜ ይሰጡታል። ከዚያ እርስዎ አይዞሩም፣ እሱ ይዞርልዎታል። አዲስ የወጣውን ብቻ ከነሰዓቱ ሰብስቦ ያመጣል።»

«የሚበልጠውንስ ማን ይመርጣል?»

«እርስዎ ነዎት የሚመርጡት። እሱ በሰዓቱ መደርደር ብቻ ነው ሥራው።»

ይህ መልስ ደስ አለኝ። መምረጡ ግን ቀላል አልነበረም። በዚያው ሰሞን ብዙ ሰው ይጠቀምበት የነበረውን የዚህ ዓይነት ትልቅ አገልግሎት ባለቤቶቹ ዘግተውት ስለነበር፣ ሐያት የምንይዘው ነገር በሰው እጅ ያለ እንዳይሆን ፈራች። ሦስት አመጣች። የመጀመሪያው መጽሔት የመሰለ፣ ፎቶ የበዛበት ነበር። የእኛን ፊደል ግን ባዶ ሳጥን እያደረገ ያሳያል፤ የትኛው ጽሑፍ ከላይ እንደሚቀመጥም ራሱ ይወስናል። ሁለተኛው ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን መስመር ከሌለ አይከፈትም። ሞጣ ላይ ዝናብ ሲጥል መስመሩ አብሮ ይሄዳል፤ ክረምቱን በሙሉ ልንዘጋው ነው ማለት ነው። ሦስተኛው እዚያው ኮምፒውተራችን ውስጥ ይቀመጣል። ፎቶ የለው፣ ቀለም የለው። መስመር ሲያገኝ የወጣውን ሁሉ አምጥቶ ያከማቻል፤ ከዚያ ያለ መስመር ይነበባል። አንድ ድረ ገጽ የጻፈውን ቢቀይር ደግሞ አዲሱን ከአሮጌው ጎን ያስቀምጣል እንጂ በላዩ ላይ አይጽፍበትም።

ይኼኛው ይሁን አልኩ። አቶ አንዱዓለም መጥቶ አየውና ሳቀ።

«ይኼን ሁሉ ቀን አማርጣችሁ የቀበሌ መታወቂያ የመሰለውን አመጣችሁ?»

«መታወቂያ ቆንጆ መሆን አለበት እንዴ?» አለችው ሐያት። «ማን እንደሆነ ከተናገረ ይበቃል።»

ቀጥሎ የመጣው ክርክር ከፕሮግራሙ ይልቅ ስለሚገቡት ድረ ገጾች ነበር። አቶ አንዱዓለም ሁሉም ይግባ ባይ ነው። አንድ ነገር ቢያመልጠን የሚጠየቀው እሱ ስለሆነ አልፈረድኩበትም። ነገር ግን ሁሉን ካስገባን የሸሸነውን መከራ በሌላ በር መመለሳችን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን በሦስት ጥያቄ አሳለፍኩት። የሚጽፈው ማን ነው? ከየት ሆኖ ነው የሚጽፈው? ያየውን ነው ወይስ ሌላው የጻፈውን? ስማቸው የገነነ ብዙዎቹ በሦስተኛው ጥያቄ ወደቁ። አቶ አንዱዓለም እንዳይከፋው ከወደቁት ጥቂቶቹን ፕሮግራሙ ውስጥ ለብቻቸው በሌላ ክፍል አስቀመጥናቸው።

ጥያቄዎቹን ካለፉት መካከል በባሕር ዳር መንገድ ላይ ባለ አንድ ወረዳ የሚሠራ ሙሉቀን የሚባል የኮሙኒኬሽን ባለሙያ የሚጽፋት ትንሽ ብሎግ ነበረች። አቶ አንዱዓለም ተቃወመ።

«ይኼ ሰውዬ ከምርጥ ዘርና ከስብሰባ ሌላ አያውቅም። ምን ሊያደርግልን ነው?»

ሰውየው የሚጽፈው በቦታው ተገኝቶ እንደሆነ፣ ከጽሑፉ ሥርም ስልክ ቁጥሩን እንደሚያስቀምጥ ነገርኩት።

«እሺ ይቆይ። ስብሰባ ያጣን ቀን ከእሱ እንበደራለን» አለ።

በዚያው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ሲቃረብ አንድ አውቶቡስ ተገለበጠ። ከባሕር ዳር ወደ ሞጣ ሲመጣ፣ ረፋድ ላይ፣ በዝናብ። ቀትር ሳይሆን ወሬው በየሰው ስልክ ገባ። ከሰዓት በኋላ አያ ተሰማ ሁለት ጎረቤቶቹን አስከትሎ ወደ ቢሮ መጣ። አያ ተሰማ የሞጣ እህል ነጋዴ ነው። እህቱ ወይዘሮ የሺወርቅ ቢቸና ትኖራለች። የእሷ ልጅ ሲስተር እመቤት ባሕር ዳር አካባቢ ነርስ ነበረች፤ ጾሙን ከእናቷ ጋር ልትፈታ በዚያ አውቶቡስ ተሳፍራለች።

አያ ተሰማ ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። እመቤት ነጭ ጋዋን ለብሳ የተነሳችው ፎቶ ነው፤ ከጎኑ ሻማ ተጨምሮበታል። ሞታለች ይላል። ሌላ ገጽ ከፈተልኝ፤ እሱም እንዲሁ።

የመጣበትን ጉዳይ ነገረኝ። በአገሩ ወግ መርዶ የሚነገረው ሲነጋጋ ነው። ዘመድና የነፍስ አባት ከጎረቤት ቤት ያድራሉ፤ እናትየው ከቤት ሳትወጣ ይገቡባታል። ለዚያ ለመድረስ አሁን መኪና መያዝ አለበት። የነፍስ አባቷ ጋ ተደውሏል፤ ድንኳኑም ተጠይቋል። የቀረው የእኔ ቃል ነበር።

«ሁሉም ጽፎታል» አለኝ። «አንተ ግን የሥራው ሰው ነህ። አዎ በለኝና ልሂድ።»

እንዲቀመጥ ወንበር ሰጠሁት። መስመሩ ከቀትር ጀምሮ ሞቷል፤ እስከዚያ የመጣው ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበር። ስለ አደጋው የወጣውን ሁሉ በሰዓቱ ደረደርኩት። አቶ አንዱዓለም ከኋላዬ ቆመ።

«ሁሉም አንድ ነገር እያለ ምን ትፈልጋለህ?»

«ሁሉም አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚጽፈው» አልኩት።

እውነትም አንዱ ከሌላው ቃል በቃል የቀዳው ነበር። እየወረድኩ ሄጄ መጀመሪያ ከተጻፈው ደረስኩ። የሙሉቀን ነበር። ሁለት ሆኖ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ከአደጋው ቦታ የተጻፈ ነው። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ሲስተር እመቤት የምትባል ነርስ እንደነበረች፣ ራሷ ሆዷ ላይ ተጎድታ ሳለ የሌሎቹን ደም እንዴት እንደሚያስሩ ለገበሬዎቹ እየነገረች እንደቆየች፣ ከዚያ በአምቡላንስ ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል እንደተወሰደች ይናገራል። ሁለተኛው ከቀትር በፊት የተቀየረው ነው። እመቤትን ከሞቱት ጋር ይቆጥራታል። ከማን እንደሰማ አይልም።

ሐያት በቢሮው ስልክ ሆስፒታሉን፣ እኔ በእጅ ስልኬ ሙሉቀንን መሞከር ጀመርን። የሆስፒታሉ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። አያ ተሰማ ከመስኮቱ ውጪ ያለውን መኪና ያያል፤ ሹፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። ከብዙ ሙከራ በኋላ ሙሉቀን አነሳ።

«ሙሉቀን፣ የሲስተር እመቤትን አስከሬን አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«መሞቷን ከማን ሰማህ?»

«ሁሉም ሞታለች ብሎ ሲጽፍ እኔ ብቻ የተሳሳትኩ መሰለኝ። አስተካከልኩት።»

«እነሱስ ከማን ሰሙ?»

«ከእኔ ሳይሆን አይቀርም። ስሟን መጀመሪያ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ተጎድታለች ያልኩትን ሞታለች አድርገውት ነው።»

አልተቆጣሁትም፤ ለቁጣ የሚሆን ጊዜ አልነበረም። የአምቡላንሱን ሹፌር እንደሚያውቀው ነገረኝና ጠይቆት መልሶ ደወለ። ሹፌሩ እመቤትን ለሆስፒታሉ ያስረከባት እየተናገረች ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አያውቅም።

«አያ ተሰማ፣ በሕይወት አለች አልልዎትም፤ አላውቅም» አልኩት። «ሞታለች ብሎ የጻፈውም አያውቅም። የታወቀው ሆስፒታል ስትገባ ትናገር እንደነበር ነው። መርዶውን ያቆዩት። ለእናቷ ታማለች ብለው ይንገሯቸውና ይዘዋቸው ወደ ሆስፒታሉ ይሂዱ።»

በዚህን ጊዜ ነው የተቆጣው።

«ታማለች? አንተ የዚህ አገር ሰው አይደለህም? ሰው ሲሞት እኮ ነው ታሟል የምንለው። የሺን ታማለች ብላት እዚያው ነው ደረቷን የምትደቃው።»

ትክክል ነበር። ሞትን ለመሸፈን ስንጠቀምበት የኖርነው ቃል፣ እውነት የታመመ ሰው ሲመጣ ለመንገሪያ አልሆን አለ። ከጎረቤቶቹ አንደኛው ቀስ ብሎ፣ ባይነገራትም ነገ ጠዋት ቢቸና ላይ አንዷ ሴት በስልኳ እንደምታሳያት ተናገረ። ወይ መንገር ነው፣ ወይ መቀደም።

አብሬ እንደምሄድ ነገርኩት። ሐያት የሙሉቀንን የመጀመሪያ ጽሑፍ አትማ ሰጠችኝ። አቶ አንዱዓለም ዜናውን ሳልልክ እንዳልሄድ ሊከለክለኝ አፉን ከፈተና ተወው።

ቢቸና ስንደርስ ሊመሽ ነው። ወይዘሮ የሺወርቅ ደጃፏ ላይ ጌሾ ታሰጣለች፤ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ወንድሟን፣ እኔን፣ ከኋላችን የነፍስ አባቷን ስታይ እጇ ቆመ።

«ሞታ ነው» አለች።

አያ ተሰማ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ስሜንና ሥራዬን ነገርኳት። አውቶቡሱ መገልበጡን፣ ልጇ ሆዷ ላይ መጎዳቷን፣ በየስልኩ ሞታለች እየተባለ መሆኑን፣ ያን የጻፈ ሰው ግን ሞታ እንዳላያት፣ የአምቡላንሱ ሹፌር እየተናገረች ለሆስፒታሉ እንዳስረከባት ነገርኳት። አሁን በሕይወት ትኑር አትኑር እንደማላውቅ ጨመርኩ። ከዚያ ወረቀቱን አነበብኩላት። ገበሬዎቹን ደም እንዴት እንደሚያስሩ ታዝዝ ነበር የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

«እሱ እሷ ናት» አለች። «እኔንም ታዝዘኛለች።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ሞታብኝ ቢሆን ኖሮ አይዞሽ ትለኝ ነበር። አላልከኝም።»

ነጠላዋን አነሳችና ጌሾውን ለጎረቤት ትታ መኪናው ውስጥ ገባች። ወንድሟ መንገዱ አሁን አይሆንም፣ ሲነጋጋ እንነሳለን ቢላት ከመኪናው አልወርድም አለች። ሌሊቱን መኪናው ውስጥ አሳለፈች። ሲነጋጋ መርዶ ሊነገራት በነበረው ሰዓት በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ባሕር ዳር ሄዱ። እኔን ሞጣ ላይ አወረዱኝ።

እመቤት በሕይወት ነበረች። እናቷን አውቃ አነጋግራታለች፤ እናቷም ፀጉሯን ሠርታላታለች። ሐኪሞቹ የሚችሉትን አድርገዋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ሞተች። አያ ተሰማ ደወለልኝ።

«እናቷ እጇን ይዛ ነበር» አለ። «መርዶ የሚነግር አላስፈለገም።»

የዚያን ዕለት ዜናውን ጻፍኩ። ስሟን፣ ሥራዋን፣ አደጋው ቦታ ላይ ያደረገችውን፣ የሞተችበትን ቀን። ቀድመው የገደሏት ገጾች ግን ምንም አልጻፉም፤ ለእነሱ ያለቀ ነገር ነበር። ሙሉቀን ብሎጉ ላይ የመጀመሪያውን ጽሑፍ መለሰው፤ ከሥሩም ለምን ቀይሮት እንደነበር በሁለት መስመር አስረዳ። ጡረታ እስክወጣ ከዝርዝራችን አላወጣነውም።

አሁን ወጣት ሪፖርተሮች የትኛው ፊድ ሪደር እንደሚሻል ይጠይቁኛል። ያ የእኛው ፕሮግራም ዛሬ ይኑር አይኑር አላውቅም። ያለ መስመር የሚነበበውን፣ በሰዓቱ የሚደረድረውን፣ መጀመሪያ የተጻፈውን ሳያጠፋ የሚያቆየውን ምረጡ እላቸዋለሁ። የምታስገቡትም ስልክ ቁጥሩን የሚያስቀምጥ ሰው የሚጽፈውን ይሁን። ከዚያ ደውሉለት።